የአሜባው ክኒንና የባለቤቴ እግር

ባለቤቴ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበር። ባለተሳቢ መኪናውን ይዞ ወደብ ይወርድና እህል፣ ማዳበሪያ፣ አንዳንዴም ምን እንደሆነ የማይነገር ነገር ጭኖ ይመለሳል። ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የሸሚዝ አንገት እሰፋ ነበር። ከቀበሌ ያገኘናት ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን ከንፋስ ስልክ ወደ ላፍቶ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረች፤ ከጓሯችን ጀምሮ እስከ ወንዙ ድረስ የገበሬ ማሳ ነው። ክረምት ሲገባ ጫማዬን በእጄ ይዤ ጭቃውን አልፍና አስፋልቱ ጋ ስደርስ እግሬን ታጥቤ ወደ ሥራ እገባለሁ።

የሹፌር ሚስት የባሏን ሆድ አብጠርጥራ ታውቃለች። የእኔው ሰው ያገኘበት ይበላል። አንድ ቀን ጥሬ ሥጋ ነው፤ በማግስቱ ያደረ ወጥ፤ በረሃው ውስጥ ሲገባ ደግሞ ከበርሜል የተቀዳ ውኃ ነው። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት፣ አንድ ጊዜ ከመንገድ ሲመለስ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ከንፈሩ ደርቆ ገባ። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይዞት ኖሯል። ቁርጠቱ ሲመጣ የአልጋውን ብረት ጨብጦ ያቃስታል። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፤ ሰገራው ተመረመረና አሜባ ነው አሉን። ሜትሮኒዳዞል የሚባል ክኒን ሰጡት። እንደታዘዘለት እስከ መጨረሻው ዋጠና ድኖ ተነሳ። ጠዋት እያፏጨ ፂሙን ሲላጭ ሳየው ያንን ክኒን የሠራውን ሰው በሌለበት መረቅኩት።

ችግራችን የጀመረው ከዚያ መዳን ነው።

ከዚያ በኋላ ሆዱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አሜባ ነው ይላል። ሆዱ ሲነፋው አሜባ ነው፤ ምግብ ሲያስጠላውም አሜባ ነው። በመንገዱ ላይ ካሉት ከተሞች በአንዷ፣ ምን አመመህ ብሎ ሳይጠይቅ የሚሸጥለት መድኃኒት ነጋዴ አግኝቷል። ክኒኖቹን በዱቄት ወተት ጣሳ አድርጎ መኪናው ውስጥ ያስቀምጣቸዋል፤ ቤት ደግሞ ሌላ ጥቅል ከሬዲዮው ኋላ ነበረው። ሆዱ ሲያጉረመርም ይውጣል፤ ሲሻለው ይተዋል፤ እንደገና ሲጀምረው እንደገና ይውጣል። ጥሬ ሥጋ ሊበላ ሲል ደግሞ ቀድሞ ይውጣል፤ "ለመከላከያ" ይላል። ያልዋጠበት ሳምንት ነበር ለማለት ይከብደኛል። እንዲህ ሲል ዓመት አለፈው፤ ከዚያም በላይ ሄደ።

"አፌ የመኪና ቁልፍ ሲልስ የዋለ ይመስላል" ይለኝ ነበር። ብረት ብረት ይለዋል። እኔ ከናፍጣው ነው ብዬ አስብ ነበር።

አንድ ጊዜ ክኒኑን በዋጠበት ቀን ከጓደኞቹ ጋር ቢራ ጠጣ። ወዲያው ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ፤ ልቡ ይደልቅ ጀመር፤ እዚያው መኪናው ሥር ተንበርክኮ የበላውን ሁሉ መለሰው። ሁለተኛም ሞክሮ እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ከሁለቱ አንዱን መተው ሲኖርበት ቢራውን ተወ። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ! ሲመለስ አይሸት፣ አይለፈልፍ፤ በደህና አእምሮው ይገባል። ለጎረቤቴ ስነግራት፣ "እንዲህ ዓይነት መድኃኒት ለባሎች ሁሉ በታዘዘ!" ብላ ሳቀች። ይህች ጎረቤቴ ከስልጤ የመጣች፣ ከበራችን ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ ያላት፣ ከእኔ በዕድሜ ትንሽ የምትበልጥ ሴት ነበረች። ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ ወረፋ ካላገኘሁ እሷ ጋ አላጣም።

እግሩ መቼ እንደጀመረው በትክክል አላውቅም፤ እሱም አያውቅም። ብቻ አንድ ምሽት ከመንገድ ገብቶ ጫማውን አወለቀና እግሮቹን ያይ ጀመር።

"ምነው?" አልኩት።

"ካልሲ አድርጌያለሁ?"

"አውልቀኸዋል እኮ፤ ያውና እጅህ ላይ።"

"ያላወለቅኩት ይመስለኛል" አለና ጣቶቹን አሻሸ።

ከዚያ በኋላ ማቃጠል መጣ። ውስጥ እግሩ እሳት እንደረገጠ ይነድዳል፤ በብርድ ልብስ አልሸፍንም ይላል። እሱ የሞተሩ ሙቀት ነው አለ፤ እኔ የአሰብ ሐሩር ነው አልኩ። ጎረቤቴ ደግሞ ድካም ነው ብላ በሞቀ ውኃ ጨው በትኜ እንድዘፈዝፍለት መከረችኝ።

አንድ እሁድ ከሰዓት ውኃውን አፈላሁ። ሳፋው ውስጥ ገልብጬ ጨው ከበተንኩ በኋላ ቀዝቃዛውን ላመጣ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ እግሮቹን ነክሯቸዋል፤ ተመቻችቶ ተቀምጦ ስለ ጎማ እጥረት ያወራኛል። ከሳፋው የሚወጣው እንፋሎት ጉልበቱን ይነካል። እጄን ነከር አድርጌ በጩኸት መለስኩት።

"አውጣ! እግርህን አውጣ!"

"ምን ሆንሽ?"

"እየፈላ ነው እኮ!"

እግሩን አወጣ። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ቀልቷል፤ በአንዱ ጎን ቆዳው ውኃ መቋጠር ጀምሯል። እሱ እግሩን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። "ሙቅ ነው እንዴ?" አለኝ። ያ አጠያየቁ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም፤ እንደ ልጅ ነው የጠየቀኝ።

ቅባት እየቀባሁለት ሳለ የደበቀኝን ነገረኝ። ባለፈው ጉዞ የጣርማ በርን ቁልቁለት ሲወርድ እግሩ ፍሬን ላይ ይሁን ነዳጅ መስጫው ላይ መለየት አቅቶት፣ ጎንበስ ብሎ በዓይኑ ማየት ነበረበት። ከኋላው ሙሉ ጭነት ከነተሳቢው አለ። በአንድ በኩል ገደል ነው። "አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም" አለ።

"ታዲያ ለኃላፊዎችህ ንገራቸዋ!"

"ምን ብዬ? እግሬ አይሰማኝም ብዬ? 'አሻጥር' ቢሉኝስ?"

ይህን የሚያነብ ወጣት ካለ ላስረዳው። ያን ጊዜ አሻጥር የምትለው ቃል ቀላል አልነበረችም። ማሽን ሲበላሽ፣ እህል ሲዘገይ፣ አንድ ሰው ሥራ ሲቀር፣ በስብሰባ ላይ ያቺ ቃል ከአንድ ሰው አፍ ትወጣለች፤ ከወጣች በኋላ መመለሻ የላትም። እኛም ፋብሪካ ውስጥ መርፌ ሲሰበርብን ዙሪያችንን እናይ ነበር። ስለዚህ ፈሪ ነህ አላልኩትም። "መጀመሪያ ሐኪም ይይህ፤ ከዚያ በኋላ የምትለው አታጣም" አልኩት። የሚቀጥለው ጉዞው ቀርቦ ስለነበር እንቢ ለማለት ፈለገ፤ ግን እግሩ ላይ ውኃ የቋጠረው ቁስል ስላለ ጫማም አልገባለት አለ። በዚያ ምክንያት እሺ አለ።

ከተማ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ሄድን። ወረፋው ረጅም ነበር። ተራችን ሲደርስ የተቀበለችን ጠይም፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሐኪም ናት። አልጋው ላይ አስተኛችውና ዓይኑን እንዲጨፍን ነገረችው። በጥጥ እግሩን እየነካች፣ "ሲሰማዎት እሺ ይበሉ" አለችው። ጣቶቹን ነካች፤ ዝም። ውስጥ እግሩን ነካች፤ ዝም። ጥጡ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ሲደርስ "እሺ" አለ። እኔ ግድግዳው ጥግ ቆሜ አያለሁ። ሲነኩት የሚንዘረዘር ሹካ መሳይ ብረትም ጣቱ ላይ አድርጋ መንዘርዘሩ ይሰማው እንደሆነ ጠየቀችው።

"መጠጥ ይጠጣሉ?"

"ትቻለሁ።"

"ስኳር በሽታ አለብዎት?"

አላውቅም አለ። ተመረመረ፤ የለበትም።

"የሚወስዱት መድኃኒት አለ?"

"የለም ዶክተር።"

ትንሽ ጠበቅኩ፤ ራሱ እንዲያስታውስ። ሳይናገር ሲቀር፣ "ኧረ አለ ዶክተር፤ የአሜባውን ይወስዳል" አልኩ።

ባለቤቴ ዞሮ ገረመመኝ። "እሱ የሆድ ነው እኮ! ይሄ እግር ነው" አለ።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠግታ፣ ምን እንደሚውጥ፣ በስንት ጊዜው እንደሚውጥ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ማን እንዳዘዘለት አንድ በአንድ ጠየቀችው። እሱም አልደበቀም። ስለ ጣሳው፣ ስለ መከላከያው፣ ስለ አፉ ጣዕም፣ ስለ ቢራው ሁሉ ነገራት።

"ይመልከቱ" አለችው ሲጨርስ፤ "መድኃኒቱ መጥፎ አይደለም። እኔም በየቀኑ አዝዘዋለሁ። ለአሜባ፣ ለጃርዲያ፣ አየር በሌለበት የሚባዙ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ለሚያመጡት ቁስለትም ጥሩ መድኃኒት ነው። ግን በሽታው መኖሩ ታውቆ፣ በልኩ፣ ለተወሰነ ጊዜ የሚወሰድ ነው። እርስዎ እንደ ቆሎ ነው የቆረጠሙት። ሲበዛና ሲረዝም የእጅና የእግር ነርቭ ይጎዳል። የእርስዎን እግር ያደነዘዘው እሱ ይመስለኛል።"

"አሜባውስ?"

"የመጨረሻ ጊዜ የተመረመሩት መቼ ነው?"

ከዚያ ከመጀመሪያው በኋላ ተመርምሮ አያውቅም ነበር። ሰገራው ታየ፤ ምንም አልተገኘም። ተቅማጥና ቁርጠት ሁሉ አሜባ እንዳልሆነ፣ አብዛኛው ያደረ ምግብና ንጹሕ ያልሆነ ውኃ የሚያመጣው በራሱ የሚያልፍ ነገር እንደሆነ ነገረችው። እያቋረጡ መዋጥም ጥሩ አይደለም አለች፤ አሜባ እንኳ ቢኖርበት በዚያ አወሳሰድ በደንብ አይጠፋም።

"እግሬ ይመለሳል?" አለ በመጨረሻ።

"ክኒኑን ዛሬ ያቁሙ። ካቆሙ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው። ሙሉ ለሙሉ ላይመለስም ይችላል፤ አልዋሽዎትም። እስከዚያው መኪና አይነዱም።"

የሐኪም ወረቀት ጽፋ ሰጠችን። በማግስቱ ወረቀቱን ይዞ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ፤ ከቢሮው በር ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ገርበብ ያለ ስለነበር የሚሉት ይሰማኛል። የሥምሪት ኃላፊው ድምፀ ጎርናና ሰው ነበር።

"አገር እህል ይጠብቃል፤ አንተ እግሬ ትለኛለህ?"

"ጓድ፣ አልሰነፍኩም። እግሬ አይሰማኝም።"

"ቆመህ እያወራኸኝ!"

የጫማ ክር ሲፈታ፣ ጫማ ወለል ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። "ጓድ፣ ዓይኔን ልጨፍን። በያዙት ስክሪብቶ ጣቴን ይውጉኝ" አለ ባለቤቴ። "ሲወጉኝ እነግርዎታለሁ።"

ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ከውስጥ ድምፅ የለም። በኋላ ኃላፊው በሌላ ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፣ "ይህን እግር ይዘህ ነው ጣርማ በርን የወረድከው?" አለው።

"አዎ ጓድ። ወርጃለሁ።"

"ጫማህን አድርግ።"

ባለቤቴ እንደነገረኝ፣ ጫማውን እያሰረ ሳለ ኃላፊው ጎንበስ ብሎ፣ "ለመሆኑ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ክኒን መልኩ ምን ዓይነት ነው?" ብሎ ጠየቀው። ለካ እሱም ያንኑ ክኒን ቤቱ ያስቀምጥ ኖሯል። በዚያ ወር ባለቤቴ ጋራዡ ውስጥ ወደ መለዋወጫ ዕቃ ክፍል ተዛወረ። ያቺን የምንፈራትን ቃል ማንም አላነሳትም።

የቀሩትን ክኒኖች ከጣሳውም ከሬዲዮው ኋላም ሰብስቦ ለሆስፒታሉ መድኃኒት ክፍል ሊመልስ ሲወጣ፣ ጎረቤቴ ሱቋ በር ላይ አገኘችው። "ምን ያባክነዋል? ለእኔ ልጆች ይሁን፤ ሆዳቸው አንድ ቀን ደህና አይደለም" አለችው። አልሰጥም አላት። ፊቷ ተቀየረ፤ የነፈጋት መሰላት። እሱ ግን አልሄደም፤ ሱቁ ደፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን አውልቆ ሁሉንም ነገራት። "ልጆቹን ወስደሽ አስመርምሪያቸው። ለልጅ የሚሰጠው በኪሎው ነው አሉኝ፤ የእኔን ለእነሱ መስጠት አይሆንም" አላት። በማግስቱ ልጆቿን ጤና ጣቢያ ይዛ ስትሄድ አየኋት። አንደኛው ወስፋት ብቻ ነበረበት።

እግሩ የተመለሰው በዝግታ ነው። መጀመሪያ ማቃጠሉ በረደ። ከዚያ ማታ ብርድ ልብስ መሸፈን ቻለ። እንዲፍታታለት ሲል በእረፍት ቀኑ በማሳው መሃል አቋርጦ እስከ ሀና ማርያም ድረስ በእግሩ ይሄዳል፤ ዓይኑን ከመሬት ሳይነቅል፣ እርምጃውን እያየ። አንድ ቀን ጓሮ ባዶ እግሩን ወጥቶ ጠጠር ረገጠና፣ "አመመኝ!" ብሎ ጮኸ። ሮጬ ስወጣ እግሩን በእጁ ይዞ ይስቃል። "አመመኝ እኮ! ጠጠሩ ወጋኝ!" ሁለታችንም እዚያው መሬት ላይ ተቀምጠን ሳቅን፤ እኔ ትንሽ አለቀስኩም።

የእኔ ተራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በወንዙ ውኃ ከሚለማ ጓሮ ሰላጣ ገዝቼ፣ ለቅለቅ ብቻ አድርጌ በላሁ። ከቀናት በኋላ ሆዴ ታመመ፤ ቁርጠቱ እያደር ባሰ፤ ደም አየሁ። ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ሰገራዬ ታየ፤ አሜባ። ያው ሜትሮኒዳዞል ታዘዘልኝ። ይዤው ቤት ገባሁና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። አልነካሁትም። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ እንደዚያው ነበርኩ።

"አልውጥም" አልኩት። "ያንተን እግር አይቻለሁ።"

"ተመርምረሻል?"

"አዎ።"

"ተገኝቶብሻል?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ዋጪ። እኔን የጎዳኝ መድኃኒቱ ሳይሆን አወሳሰዴ ነው። እንዴት እንደምትወስጂው ምን አሉሽ?"

ነገርኩት። ያዘዘልኝ ሰው እርጉዝ መሆን አለመሆኔን አስቀድሞ ጠይቆኝ ነበር፤ አልነበርኩም። ሆዴን እንዳይረብሸኝ ከምግብ ጋር እንድወስደው፣ አፌ ብረት ብረት ቢለኝና ሽንቴ ቢጠቁር እንዳልደነግጥ፣ ቢሻለኝም እስከ መጨረሻው እንድጨርሰው፣ እጅ እግሬን ቢያደነዝዘኝ ወይም ራሴን ቢያዞረኝ ተመልሼ እንድመጣ ነግሮኛል። መጠጥ የሚባል ነገር እንዳልቀምስ፣ ከጨረስኩ በኋላም ለጥቂት ቀናት እንድቆይ አስጠንቅቆኛል፤ ጠላና ጠጅም መጠጥ ናቸው ብሎኛል። ባለቤቴ ሰምቶ ሲያበቃ ምግብ አቀረበልኝ፤ በልቼ የመጀመሪያውን ዋጥኩ።

በዚያው ሳምንት ሠፈር ውስጥ ክርስትና ነበር። ሴቶቹ የጠላ ጣሳ ያቀብሉኛል፤ እኔ አይሆንም እላለሁ፤ አኩርፋ ነው ይላሉ። "ጠላችንን ናቀች" ብለው አንዲት አዛውንት ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። መድኃኒት ላይ ነኝ ብል፣ "ጠላ ሆድ ያጸዳል እንጂ ምን ያደርጋል!" አሉኝ። ያን ጊዜ ጎረቤቴ ለሙስሊም እንግዶች ከተለየው ጥግ እጇን አወዛወዘችልኝ። "እናቴ፣ እሷን ወደ እኔ ይላኩልኝ፤ ዛሬ ከእኛ ጋር ናት" አለች። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለስላሳ ቀዳችልኝ። አፌ ውስጥ ያለው የብረት ጣዕም ስኳሩን አበላሸው፤ ቢሆንም ጠጣሁት። አዛውንቷም ሲወጡ ጉንጬን ስመው፣ "ማሪኝ ልጄ" አሉኝ።

ቁርጠቱ ጥሎኝ ደህና ስሆን፣ የቀረውን ለሌላ ቀን ላስቀምጥ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ሰው እንዲህ ነው። መድኃኒት እንደልብ በማይገኝበት ጊዜ ደግሞ ማስቀመጥ ብልህነት ይመስላል። ባለቤቴ ግን ጠዋትና ማታ አጠገቤ ቆሞ ስውጥ ያያል። "ጨርሺው፤ ሬዲዮው ኋላ ምንም እንዳይቀመጥ" ይለኛል። ጨረስኩት። እንደገና ስመረመር አሜባው የለም፤ እግሬም እጄም ደህና ነበር።

ሐኪሟ መንዳት ትችላለህ ስትለው እንደገና መሪ ያዘ፤ የአሰብን መንገድ ግን አልጠየቀም። ከተማ ውስጥ ለዳቦ ቤቶች ዱቄት በምታደርስ አነስተኛ መኪና ተመደበ። የእግሩ ጣቶች ጫፍ እስከ መጨረሻው አልተመለሰም፤ ጥፍሩን ስቆርጥለት እንዳልወጋው እጠነቀቅ ነበር። በረሃውን ይናፍቃል። ከሚሌ ወዲያ ያለውን ሰማይ፣ ወደቡ ሲቃረብ ገና ከሩቅ የሚመጣውን የጨው ሽታ ሲያወራ፣ ዓይኑ እዚያ ይሄዳል። እኔ ግን የመኪናዋን ድምፅ ከመታጠፊያው ስሰማ ወጥ ጥጄ እራት አቀርባለሁ፤ የመጀመሪያ ልጃችንን ምጥ ሲይዘኝም ሆስፒታል ያደረሰኝ እሱ ነው፤ በዚያችው ዱቄት በለበሰች መኪና፣ ቀስ ብሎ፣ ጉድጓዱን ሁሉ እየሸሸ።